የሚተነፍሰው ክምር

አንድ ንጽሕናው ሰፈር የሚያወራለት ነጋዴ ነበር። ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። ግቢው በቀን ሁለት ጊዜ ይጠረጋል። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ የወደቀ ቅጠል አይገኝም። እንግዳ ሲመጣ ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን ማውለቅ ይቃጣዋል። ወንድይፍራው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ንጽሕና የሰው ማንነት መለኪያ ነው ብሎ ያምን ነበርና።

የቤቱ ጥራጊ ሁሉ የሚገባው ከማድ ቤቱ ጀርባ በቆመ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የዘይት ጣሳ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቀደደ ካልሲ፣ ያደረ ወጥ፣ ፌስታል፣ ወረቀት፣ ሁሉም እዚያው ይወርዳል። ከረጢቱ ሲሞላ አፉ ይታሰርና ጋሪ ገፊው ይወስደዋል። የት እንደሚወስደው ወንድይፍራው ጠይቆ አያውቅም። ሚስቱ ወይዘሮ አመለወርቅ አንድ ቀን ነገሩን ብታነሳበት፣ «ከግቢዬ ይውጣልኝ እንጂ የትም ይግባ» አላት። ወሬው በዚያው ተቋጨ።

ይህ ሰው ከከተማው በታች፣ ከአንድ ገደል ግርጌ፣ ከአባቱ የወረሰው የብርቱካን አትክልት ነበረው። አርባ ዛፍ ነው። አባቱ ያን ሁሉ ችግኝ በጀርባቸው ውሃ ተሸክመው ነው ያሳደጉት። ሊሞቱ ሲሉ ስለ ሱቁም ስለ ቤቱም ያሉት ነገር የለም። «ዛፎቹን አደራ» ብቻ ብለውታል።

ታዲያ አንድ ክረምት ባለፈ ማግስት ዛፎቹ መታመም ጀመሩ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ከጫፋቸው ወደ ታች ይደርቁ ጀመር። ፍሬያቸው ሳይበስል ይረግፋል፤ የበሰለውም ሲቀምሱት አፍ ይመራል። ወንድይፍራው አትክልተኛ ለወጠ። መድኃኒት አስረጨ። ሥራቸውን አስቆፈረ። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አስመጣ፤ የመጣውም ሰው ጭንቅላቱን ነቅንቆ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሰባቱ ዛፎች ተቆርጠው ማገዶ ሆኑ። ወንድይፍራው የአባቱን ዛፍ መጥረቢያ ሲያርፍበት ቆሞ ማየት ስላልቻለ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

በዚያን ቀን የአትክልቱ ጠባቂ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ከዚህ ማዶ ካለው አለታማ ጥግ እትዬ የሻረግ የሚባሉ ሴት አሉ። ድንጋይ ላይ ጎመን ያበቅላሉ ይባላል። አፈሩን ከየት እንደሚያመጡት ለምን አይጠይቋቸውም?» አለው።

ወንድይፍራው ቦታውን ያውቀዋል። በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር የሚንሸራተትበት ራቁቱን የቆመ አለት ነው። እዚያ ላይ እንኳን ጎመን ሣርም አይበቅል። ቢሆንም የጨነቀው ሰው ነውና በማግስቱ ማለዳ ሄደ።

ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጥጉን ዞር እንዳለ እግሩ በራሱ ቆመ። የሚያውቀው አለት የለም። በቦታው ቅጠሉ ትሪ የሚያህል ጎመን፣ ሐረጉ ካብ የወጣ ዱባ፣ ቀይ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ጤናዳም ተደርድሮ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእፍኙ አፈሰው። ጥቁር ነው፤ ለስላሳ ነው፤ በጣቶቹ መካከል እንደ ዱቄት ይንሸራተታል። ሃምሳ ዓመት በዚህች ምድር ላይ ሲኖር እንዲህ ያለ አፈር ነክቶ አያውቅም።

ቀና ሲል ከአትክልቱ ጫፍ አንድ ክምር አየ። ቁመቱ ደረቱ ድረስ ይሆናል፤ በገለባ ተሸፍኗል። ከአናቱ ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እሳት ግን በአካባቢው የለም።

ከክምሩ አጠገብ አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት መንሽ ይዘው ቆመዋል። እትዬ የሻረግ እሳቸው ነበሩ።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ» አለ ወንድይፍራው። «ክምርዎ እየተቃጠለ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ ጌታው» አሉ እትዬ የሻረግ። ክምሩን ዘወር ብለው አዩት። «አይቃጠልም። ይተነፍሳል።»

ወንድይፍራው ነገሩ አልገባውም። ሴትየዋም እንዳልገባው አዩ። «እጅዎን ይስደዱበትና ይዩት» አሉት።

ንጹሑ ሰው ጥቂት አመነታ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ሰበሰበና ገለባውን ገልጦ እጁን ሰደደ። መጀመሪያ ለብ ያለ ነገር ነካው። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ክርኑ ድረስ ሲገባ ትኩስ ገንፎ ውስጥ የገባ ያህል ፈጀውና እጁን ነጠቀው። ከእጁም ላይ እንፋሎት ተነሣ። ወንድይፍራው እጁን አገላብጦ አየው። በዚያ ብርድ መካከል፣ ክብሪት ባልነካው ክምር ውስጥ፣ ምድጃ ተቀምጧል።

«ማን አነደደው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንም አላነደደው። በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉት፤ ቁጥራቸውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ቀን ከሌት ይበላሉ፤ ሲበሉ ይሞቃቸዋል። እኔም እርስዎም ስንበላ እንደሚሞቀን ማለት ነው። ከበሉ በኋላ የሚተዉት ይኸን የጨበጡትን አፈር ነው።»

«ምን ይበላሉ?»

«የእርስዎን ቤት ልጣጭ።»

ወንድይፍራው የሚቀልዱበት መሰለው። እትዬ የሻረግ ግን አልሳቁም። ጋሪ ገፊው ከረጢቶቹን ወደ ገደሉ ሲወስድ መንገዱ በሳቸው ደጅ እንደሆነ ነገሩት። አፉን ፈትተው የሚጠቅመውን ይለቅማሉ፤ ልጣጩንና ቅጠሉን ከገለባና ከአመድ ጋር እየደራረቡ ይከምራሉ፤ ያገላብጣሉ፤ ውሃ ያርከፈክፋሉ፤ ይጠብቃሉ። ሥራው ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ አለቱ ቀስ በቀስ ምድር ለበሰ።

«ያን ዱባ ያዩታል?» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ለፋሲካ ከእርስዎ ቤት የወጣው የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጎመን ደግሞ የእርስዎና የጎረቤትዎ የሙዝ ልጣጭ ነው።»

ወንድይፍራው ዱባውን አየ። የሽንኩርቱን ልጣጭ ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። ማን የጣለውን ልጣጭ ያስታውሳል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤቱ የወጣው ሁሉ ዓይኑ ፊት የተደረደረ መሰለው። አንዲት ድሃ ሴት እሱ ፊቱን ባዞረበት ነገር አለቱን አልብሰውታል።

እትዬ የሻረግ ሌላውንም አሳዩት። ጠርሙሱ ለብቻ ተደርድሯል፤ ዘይትና ማር ሻጮች አጥበው ይሞሉታል። የተሰባበረው ብርጭቆ በጣሳ ተቀምጧል፤ ቆራሌው ወስዶ ለሚያቀልጡት ያስረክበዋል። ቆርቆሮው ለቀጥቃጩ ነው፤ ምድጃና ኩራዝ ይሠራበታል። ወረቀቱ ተዘፍዝፎና ተጨፍልቆ የእንቁላል መደርደሪያ ይሆናል። ጨርቁ ትራስ ይሞላል። የባትሪ ድንጋዮቹ ግን ክዳን ባለው እንስራ ውስጥ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

«እነዚህስ?» አለ ወንድይፍራው።

«ምድር ብዙ ነገር ትበላለች፤ ይኸን ግን አትችልም። ብትበላው ትታመማለች። ስለዚህ እዘጋበታለሁ፤ የሚረከበኝ ሰው እስኪመጣ።»

ወንድይፍራው ልቡ ሞቀ። ነጋዴ ነውና ወዲያው ማቀድ ጀመረ። «እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤቴን ከረጢት ሁሉ ወደ እርስዎ አስመጣለሁ። በጋሪም ቢሆን በመኪናም ቢሆን» አላቸው።

እትዬ የሻረግ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት። ከመዳፋቸው አንስቶ እስከ ሁለት ጣቶቻቸው የሚደርስ ጠባሳ አለ። ጣቶቻቸው አይታጠፉም።

«ልጣጭ መስሎኝ እጄን ሰደድኩ» አሉ። «ከልጣጩ ሥር ብርጭቆ ነበር። ጅማቱን ቆረጠው።»

«ከማን ቤት ከረጢት ነው?»

«የዚያን ቀን የብዙ ቤት ከረጢት ተደባልቆ ነበር የመጣው፤ ስም አይጻፍበትም። ካሰረውም ሰው ጋር ጥል የለኝም።»

ወንድይፍራው ባለፈው ዓመት በልጁ ሰርግ አንድ ሙሉ ትሪ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር አስታወሰ። ስብርባሪውን ማን እንደጠረገው፣ የትስ እንደጨመረው አልጠየቀም ነበር። አሁንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። እርግጠኛ አለመሆኑ ግን አላጽናናውም።

«ጌታው፣ የከረጢት ብዛት ለእኔ አይጠቅመኝም» አሉ እትዬ የሻረግ። «ከአሥሩ ሦስቱን ባድን ነው። ዘይት የፈሰሰበት ወረቀት ወረቀት አይሆንም። የባትሪ ድንጋይ የፈነዳበት ልጣጭ አፈር አይሆንም። ለየብቻው ሁሉም ዋጋ ነበረው፤ ሲደባለቅ ከንቱ ሆነ። ያን ማዳን አልችልም፤ ያልፋል።»

«ወዴት ያልፋል?»

ሴትየዋ ወደ ላይ ተመለከቱ። ወንድይፍራው አቀበቱን ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። ከሥሩ በሺህ የሚቆጠሩ ከረጢቶች ተቆልለዋል፤ ገሚሱ ተቀዷል፤ ገሚሱ አብጧል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከቁልሉ ግርጌ ቀጭን ጥቁር ውሃ ይወጣል። ወንድይፍራው ውሃውን በዓይኑ ተከተለው። በድንጋይ መካከል ይወርዳል፤ በአንዲት ቦይ ይታጠፋል፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ አባቱ ብርቱካኖች ሥር ይገባል።

ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ያውቁ ነበር?» አላቸው።

«ሁለት ጊዜ ልነግርዎ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛዎ ‹ቆሻሻ ለቃሚ አይገባም› ብሎ መለሰኝ። ግቢው እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም።»

ወንድይፍራው አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሣቸውና ሄደ።

ቤቱ እንደደረሰ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ከረጢት ጎትቶ በዚያ በተጠረገ ግቢ መሀል ዘረገፈው። ኮቱን አውልቆ ቁጢጥ አለና መለየት ጀመረ። ወይዘሮ አመለወርቅ ሠራተኞቹ ጠርተዋት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መጣች።

«ወንድይፍራው፣ ምን ጠፋህ?»

«አባቴ አደራ ያሉኝን ዛፍ ማን እንደገደለው አገኘሁ» አላት ቀና ሳይል። «እኔ ነኝ። ነይ እይው፤ እዚህ ነው ያለው።»

ሚስቱ ባሏ ያበደ መሰላት። ከዚያ ያየውን ሁሉ ሲነግራት ነጠላዋን መቀነት አደረገችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም እስከ ቀትር ለዩ። ከከረጢቱ ገሚስ በላይ የሚሆነው ልጣጭ፣ ቅጠልና የምግብ ትራፊ ነበር። ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱና ብርጭቆው ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ተቆለለ። መጨረሻ ላይ ለማንም ለምንም የማይሆን ነገር ቀረ፤ አራት የባትሪ ድንጋይና ዘይት የነካው ጥቂት ፌስታል። በሁለት እጅ ይታፈሳል።

ወይዘሮ አመለወርቅ ትክ ብላ አየችው። «ቆሻሻው ይኸው ብቻ ነው?» አለች።

«ይኸው ብቻ ነው» አለ ባሏ። «ሌላውን ቆሻሻ ያደረግነው እኛ ነን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በማድ ቤቱ በር ለየዓይነቱ ዕቃ ተቀመጠ። ነገሩ ግን እንደ ወሬው ቀላል አልነበረም። አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ይሰንፋል፤ ልጣጭ ውስጥ ማንኪያ ይገኛል፤ ወረቀት ላይ ወጥ ይደፋል። ወንድይፍራው ከጓሮው የጀመረው የመጀመሪያ ክምርም ሳምንት ሳይሞላው ገማ፤ ዝንብ ወረረው። አፍሮ ወደ እትዬ የሻረግ ሄደ። መጥተው አዩት፤ በዚህ ጊዜ የገቡት በፊት ለፊቱ በር ነው፤ ዘበኛውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የተቀበላቸው።

«ታፍኗል» አሉ። «እርጥቡን ብቻ ነው የሰጡት። ደረቅ ቅጠል ይጨምሩበት፣ ያገላብጡት፣ አየር ይግባበት። ከዚያ ይታገሡት። እሱ ሥራውን ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን።»

ወንድይፍራው እንዳሉት አደረገ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ጓሮ ሲወጣ ከክምሩ አናት ነጩ ትንፋሽ ሲወጣ አየ። ሱቅ መክፈቻው ሰዓት አለፈ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር።

በአራተኛው ወር ገለባውን ገለጠው። ልጣጭ የለም። የሽንኩርት ሽፋን የለም፤ የሙዝ ቅርፊት የለም፤ የጎመን ግንድ የለም። ከጥቂት የእንቁላል ቅርፊት በቀር የሚያውቀው ነገር አላገኘም። ያለው ጥቁር አፈር ብቻ ነው። አፍሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል መሬት የምትሸተውን ይሸታል። ወንድይፍራው ቤተ መቅደስ ደጅ እንደደረሰ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። በገዛ ጓሮው፣ በገዛ ጥራጊው ውስጥ፣ አንድ ታላቅ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በከረጢት አስሮ ሲልከው ነበር የኖረው።

ሆኖም ገደሉን የሞላው የሱ ከረጢት ብቻ አልነበረም። የሰፈሩን እድር ሰብስቦ ያየውን ነገረ። ሰዎቹ ተያዩና ሳቁ። «ሰውየው ሱቁ ከስሮበት ቆሻሻ ሊሸጥልን ነው» አለ ጎረቤቱ ጠበቃው፤ በአነጋገሩ የሚታወቅ ሰው ነው። ወንድይፍራው አልተከራከረም። «በነገው ማለዳ ጓሮዬ ኑ። ካልመሰላችሁ ሁለተኛ አላነሣባችሁም» አላቸው።

ሃያ የሚሆኑ መጡ። ማለዳው ብርዳም ነበር፤ ሁሉም በጋቢ ተጠቅልሏል። ወንድይፍራው ንግግር አላደረገም። እትዬ የሻረግን ከመጀመሪያው በኋላ ከጀመረው፣ ገና ትኩስ ከሆነው ክምር ራስጌ አቆማቸውና፣ «እናቴ የሚሉትን አድርጉ» አለ። እሳቸውም፣ «እጃችሁን ስደዱ» ብቻ አሉ።

መጀመሪያ የሰደደው ጠበቃው ነው፤ ሊያሾፍ ፈልጎ። ክርኑ ድረስ ሲገባ ፊቱ ተለወጠ። እጁን አወጣና አየው፤ ከዚያ እንደገና ሰደደው። ከኋላው ያሉት ምን እንዳገኘ ለማወቅ ተጠጉ። አንድ በአንድ ሁሉም ሰደዱ። የሚሰማው የገለባው ድምፅ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እኛ የጣልነውን እግዚአብሔር አልጣለውም» አሉ።

በዚያ በጋ እድሩ ሥርዓት አወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን ከምንጩ ለይቶ እንዲያወጣ፣ የተሰበረ ብርጭቆ በጣሳ ታሽጎ እንዲሰጥ፣ የባትሪ ድንጋይ ከምንም ጋር እንዳይቀላቀል። አለቃቸው እትዬ የሻረግ ሆኑ። የሰፈሩም ሰዎች ገደሉን በየቅዳሜው እየወረዱ ጠረጉት። እትዬ የሻረግም ያለ ወፍራም ጓንት አንድም ሰው እንዲወርድ አልፈቀዱም።

በቀጣዩ ክረምት ከገደሉ የወረደው ውሃ ደፍራሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ጠራ። ከቀሩት ሃያ ሦስት ዛፎች ዘጠኙ አልተረፉም፤ ሥራቸው ድረስ ተመርዘው ነበር። አሥራ አራቱ ግን ግንዳቸው ዙሪያ የተደረገላቸውን ጥቁር አፈር ጠጥተው ነፍስ ዘሩ። አበባቸው ሲፈነዳ ሽታው አቀበቱን አልፎ ከተማው ድረስ ተሰማ። ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ምን እንደሆነ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። የእትዬ የሻረግ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልታጠፉም። አፈር ብዙ ነገር ይመልሳል፤ እነሱን አልመለሰም።

ወዳጄ፣ ይህን ስሰማ እኔም ከቤቴ ስለሚወጣው ማሰብ ጀመርኩ። የምንጥለው ነገር አይጠፋም፤ ቦታ ብቻ ይለውጣል። ወይ አፈር ሆኖ፣ ጠርሙስ ሆኖ፣ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል፤ ወይ መርዝ ሆኖ በማናውቀው ቦይ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱን የምንመርጠው በማድ ቤታችን በር ላይ ነው፤ ልጣጩ ከብርጭቆው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ። ለመለየት የሚፈጀው ጊዜ ከረጢት ከማሰር አይበልጥም። ከተደባለቀ በኋላ ግን የጠቢብም የድሃም እጅ አያድነውም።

እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፤ ዛሬ ጠዋት ከቤትዎ የወጣው ከረጢት አሁን የት ደርሷል? ማንስ እጁን ሊሰድበት ነው?